የቆመች ቮልስ እንደ ታሪክ ሰነድ

ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ብራና ነው። ካልሆነም የነገሥታት ደብዳቤ፣ የመንገደኛ ማስታወሻ፣ የቆንስላ ሪፖርት። ስለ ታሪክ ምንጮች በክፍል ውስጥ ስንማርም ከወረቀት እምብዛም አንርቅም። ይህ ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ወረቀት ባይኖር ኖሮ የታሪክ ትምህርትም ባልኖረ። ነገር ግን በየሰፈራችን፣ በየግቢው ጥግ፣ በቆርቆሮ አጥርና በማገዶ ክምር መካከል፣ ጎማቸው ተንፍሶ ዓመታት ያስቆጠሩ ሰነዶች ቆመዋል። ልጆች ሹፌር ሹፌር ይጫወቱባቸዋል፤ ዶሮ ትታቀፍባቸዋለች፤ እኛም አይተን እንዳላየ እናልፋቸዋለን። የምናገረው ስለ አሮጌ መኪኖች ነው። ከእነሱም በተለይ ስለ ቮልስዋገን፣ በአጭሩ ቮልስ ስለምንላት፣ ጀርባዋ የጢንዚዛ ስለሚመስል መኪና።

አንድ መኪና ለዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣበታል። አንዱ «አስነሥተን መንገድ ላይ እናውጣው» ይላል። ሌላው «አዲስ እናድርገው» ይላል። በብዙ ሰው አፍ ሁለቱ አንድ ናቸው። በእኔ አስተሳሰብ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሰነዱን ገልጦ ያነባል፣ ሁለተኛው ሰነዱን ፍቆ በላዩ ላይ ሌላ ይጽፍበታል። ጭቅጭቁ የቃላት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባለፉት ወራት እኛው ሰፈር ውስጥ በአንዲት ቮልስ ምክንያት እናትና ልጅ እስከ መኮራረፍ ደርሰዋል፤ እኔም ሳልጠራ ገብቼበታለሁ።

መኪናዋ የሟች ጎረቤታችን ናት። የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸው ነበር። በፊት መስተዋቷ ላይ የተለጠፈው የመጨረሻ ቦሎ የ1994 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ከግቢው ጥግ አልተንቀሳቀሰችም ማለት ነው። ባለቤታቸው እትዬ «ማንም እንዳይነካት» እያሉ ሲጠብቋት ኖሩ። በመጨረሻ ልጃቸው «ወይ ትነሣ፣ ወይ ለቆራሌው ትሰጥ» ብሎ ቆረጠ።

መቼ እንደተሠራች በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሊብሬው ላይ የሥሪቱ ዓመት የተጻፈበት ቦታ በውሃ ርሶ አይነበብም። እዚህ ላይ ነው የታሪክ ተማሪ ሥራ የሚያገኘው! ቮልስ ከሩቅ ስትታይ ከዓመት ዓመት የማትለወጥ ትመስላለች፤ ፋብሪካው ግን አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች ኦገስት ወር አንዳንድ ነገር ይለውጥባት ነበር። የኋላ መስተዋቷ እስከ 1953 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ከመሐል ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያ እስከ 1957 እንቁላል የሚመስል አንድ ወጥ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን። የጋሼ መኪና ሰፊው ስለሆነ ከ1957 በፊት አልተሠራችም። ቀጥሎ የቤንዚን መለኪያ የላትም። ነዳጁ አልቆ ሞተሩ ማንገራገር ሲጀምር ከእግር አካባቢ ያለች ትንሽ እጀታ ትዞራለች፤ ያን ጊዜ መጠባበቂያው ይከፈታል። መለኪያ የገባው በኦገስት 1961 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት።

የቀረው ፍሬቻዋ ነው። በድሮዎቹ ቮልሶች ላይ ፍሬቻ ማለት በበሩና በኋላ መስኮቱ መካከል ካለው ምሰሶ እንደ ክንድ ብቅ የሚል ነገር ነበር። ለአውሮፓ ገበያ በሚሠሩት ላይ ክንዱ ቀርቶ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት የመጣው በኦገስት 1960 ነው። የጋሼ መኪና መብራት አላት። ይህን በኩራት ስናገር መካኒኩ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ፍሬቻ እኮ ማንም ይቀይራል» አሉ። ልክ ናቸው፤ የሰነድ ምርመራ ማለትም ይኸው ነው። ወደ ምሰሶው ሄደን በጣታችን ዳሰስነው። ክንዱ የሚቀመጥበት ቀዳዳ የለም፤ ተደፍኖ የተቀባ ላሜራም አይደለም። ለአሜሪካ የሚላኩት ቀደም ብለው ባለ መብራት ስለነበሩ ይህም ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የፊት ኮፈኗን ከፍተን የቤንዚን ጋኗን አየን። ጋኑ ጠፍጠፍ ያለው፣ ለሻንጣ ቦታ የሚተርፈው ዓይነት ነው፤ እርሱም የገባው በዚያው በኦገስት 1960 ነው። እንግዲህ መኪናዋ ከነሐሴ 1952 እስከ ሐምሌ 1953 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታለች። የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና የእነ ግርማሜ ንዋይ የታኅሣሥ ሙከራ የተደረገበት፣ የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ የወጡበት ዓመት መሆኑ ነው።

የተወለደችበትን ዓመት ካወቅን የተወለደችበትን ቤት እንይ።

ቮልስዋገን በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ስሙ ያምራል፤ የስሙ ታሪክ ግን ሕዝብ እንዴት እንደሚታለል የሚያሳይ ነው። ሂትለር ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሜይ 2 ቀን 1933 እ.ኤ.አ.፣ የሠራተኛ ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶች ተወረሩ፤ መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ ገንዘባቸውና ሕንፃዎቻቸው ተወረሱ። በምትካቸው «የጀርመን የሥራ ግንባር» የሚባል የፓርቲው ድርጅት ተተከለ። በ1934 ኢንጂነር ፈርዲናንድ ፖርሽ ዋጋዋ ከ1,000 ማርክ በታች የሆነ መኪና እንዲነድፍ ተዋዋለ። ነባሮቹ የመኪና ፋብሪካዎች በዚህ ዋጋ ፊታቸውን ሲያዞሩ የሥራ ግንባሩ ጉዳዩን በእጁ አደረገ። ለፋብሪካው ማሠሪያም ከሠራተኛ ማኅበራት የተዘረፈው ንብረት እየተሸጠ ዋለ። የመሠረት ድንጋዩን ሜይ 26 ቀን 1938 ያኖረው ሂትለር ራሱ ነው።

ሠራተኛው መኪናዋን የሚያገኘው እንዲህ ነበር፦ በየሳምንቱ 5 ማርክ እየከፈለ ቴምብር ይገዛል፤ ቴምብሩን በደብተር ላይ ይለጥፋል፤ ደብተሩ ሲሞላ ተራ ይይዛል። ዋጋዋ 990 ማርክ ነው። አንባቢ ራሱ ያካፍል፤ 198 ሳምንት ይመጣል፣ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ያውም ኢንሹራንሱ ሳይታከል። ወደ 336,000 የሚጠጋ ሰው ቆጠበ። ቁጠባው በተጀመረ በዓመቱ ግድም ጦርነቱ ፈነዳ፤ ፋብሪካውም ለወታደር የሚሆን መኪና ወደ መሥራት ዞረ። ከቆጣቢዎቹ መካከል በደብተሩ መኪና የተረከበ አንድም ሰው የለም። ከእቁባችን ጋር ላወዳድር ብትሉ እንኳ አይሆንም፤ እቁብ ቢያንስ ለአንዱ ይወጣል።

ፋብሪካውን በጉልበታቸው ያቆሙትስ እነማን ናቸው? ከ1938 ጀምሮ በግንባታው ላይ ሙሶሊኒ የላካቸው በሺህ የሚቆጠሩ ጣሊያኖች ነበሩ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው በ1930 እና በ1931 ዓ.ም. ሌሎች ጣሊያኖች በእኛ አገር በወረራ ላይ ሳሉ ነው። ጦርነቱ ሲገፋ ፖላንዳውያን፣ ሶቪየቶች፣ ፈረንሳዮች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች በግዳጅ ተነድተው ገቡበት፤ በድምሩ ወደ 20,000 ይደርሳሉ። ጣሊያን በ1943 ከሂትለር ጎን ስትለይ ደግሞ የተማረኩ የጣሊያን ወታደሮች እዚያው ፋብሪካ በግዳጅ ሠሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከግንበኛነት ወደ እስረኝነት! በግዳጅ የመጡት ሴቶች የወለዷቸው ሕፃናት ከእናቶቻቸው ተነጥቀው ሩህን በሚባል መንደር በአንድ ስፍራ ይቀመጡ ነበር፤ ከ300 የሚበልጡት ሞቱ። ኃላፊ የነበረው የፋብሪካው ሐኪም በእንግሊዞች ችሎት ተፈርዶበት በ1947 ተሰቀለ። ይህ የባላንጣ ወሬ አይደለም። ኩባንያው ራሱ ሃንስ ሞምዘን የተባለውን የታሪክ ምሁር አስጠንቶ መጽሐፉ በ1996 ታትሟል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ፋብሪካው በቦምብ ተደብድቦ የቆመ ነበር። አስነሺው ጀርመናዊ አይደለም፤ ሜጀር አይቫን ኸርስት የሚባል የ29 ዓመት የእንግሊዝ መኮንን ነው። በ1945 ኦገስት ሲደርስ ያገኘው የፈረሰ ጣራ፣ የተደፈነ የፍሳሽ ቦይና በኃይል ማመንጫው ማሽኖች መካከል ሳይፈነዳ የተቀረቀረ ቦምብ ነበር። ኸርስት አዲስ ፋብሪካ ልሥራ አላለም። ቦምቡን አስወጣ፤ ቦዩን አስጠረገ፤ የቀሩትን ማሽኖች ሰበሰበ። እዚያው ከተገኙት መኪኖች አንዷን አረንጓዴ አስቀብቶ ለአለቆቹ አሳየ፤ እነሱም 20,000 መኪና አዘዙ። ዲሴምበር 27 ቀን 1945 መደበኛው ሥራ ተጀመረ፤ እስከ ዓመቱ ማብቂያ 55 መኪኖች ተገጣጠሙ። የሚገድለውን አስወግዶ ያለውን ማንቀሳቀስ ማለት እንዲህ ነው። በ1948 ሥራ አስኪያጅ የሆነው ሃይንሪሽ ኖርዶፍ ነገሩን አስፋፋው፤ በኦገስት 1955 አንድ ሚሊዮነኛዋ ወጣች፤ በፌብሩዋሪ 1972 በ15,007,034ኛዋ መኪና የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን አለፈች። በጀርመን አገር መሠራቷ በ1978 ቆመ። የመጨረሻዋ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

ቆጣቢዎቹ ግን አልተኙም። ደብተራቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተቱ። ጉዳዩ በስምምነት የተዘጋው በኦክቶበር 1961 ነው፤ ሙሉውን የከፈለ ሰው አዲስ መኪና ሲገዛ እስከ 600 ማርክ ቅናሽ፣ መኪና ካልፈለገ 100 ማርክ በእጁ። የጋሼ ቮልስ ከዚያው ፋብሪካ የወጣችው ይህ ከመሆኑ ቢበዛ አሥራ አራት ወር ቀደም ብሎ ነው። ይህንን ካወቅሁ ወዲህ መኪናዋን ሳያት ቴምብር የተለጠፈበት ደብተር ይታየኛል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ጀርመንን በይፋ የጎበኙ የመጀመሪያው የውጭ ርእሰ ብሔር ናቸው፤ ዓመቱ 1947 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ማን ይጠረጥር ኖሯል? ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጧት፣ የደርግ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት መጥተው ከሥልጣን መውረዳቸውን የሚገልጸውን አዋጅ አነበቡላቸው፤ ከዚያም በቮልስ ጭነው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዷቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት የወሎን ረሀብ የሚያሳየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በቴሌቪዥን ለሕዝብ ቀርቦ ነበር።

ለምን በቮልስ? አንዳንዱ ለማዋረድ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ዓይን እንዳይስብ ነው ይላል። በበኩሌ ሁለቱም አብሮ ይሄዳል ባይ ነኝ። ቮልስ ባለ ሁለት በር ናት፤ ከኋላ ለመቀመጥ የፊት ወንበሩ መታጠፍ፣ ተሳፋሪውም ጎንበስ ማለት አለበት። ለንጉሠ ነገሥትም ቢሆን ሌላ መግቢያ የላትም። በአንድ ጀምበር «የሕዝብ መኪና» የሚለው ስም በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ትርጉም ያገኘ መሰለ። መሰለ ያልኩት አውቄ ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ስንቱ በስንት ዓይነት መኪና ተጭኖ እንደወጣ እንዳልተመለሰ ቤተሰቦቻችን ያውቃሉ። ወደዚህ ነገር በጋሼ መኪና በኩል እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ግቢው ጥግ እንግባ። የቆመች መኪና ለማስነሣት የመጣ ሰው ሁሉ የሚያምረው ባትሪ አስሮ ቁልፍ ማዞር ነው። የጋሼ ልጅም ባትሪ ተውሶ መጥቶ ነበር። መካኒኩ ግን፣ ሰፈሩ አባባ የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን ከቮልስ ጋር የፈጁ ሽማግሌ፣ «ቁልፏን የነካ ከኔ ተጣላ!» ብለው ጮኹ። ምክንያታቸው ቀላል ነው። ሃያ ዓመት በቆመ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ያልቃል፤ ፒስተኑን የሚያቅፉት ቀለበቶችም በዝገት ሊጣበቁ ይችላሉ። በሞተሪኖ ጉልበት ድንገት ሲገፉ ወይ ቀለበቱ ይሰበራል ወይ ሲሊንደሩ ይቧጨራል። ስለዚህ አራቱም ካንዴላዎች ተፈቱ፤ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ገባ፤ አራት ቀን እንዳለች ተተወች። ከዚያ አባባ በዲናሞው ፑሌጃ ላይ ያለውን ዳዶ በቁልፍ ይዘው ቀስ አድርገው በእጃቸው ሞከሩ። እምቢ አለ። ሌላ ዘይት፣ ሌላ ሁለት ቀን። በሳምንቱ ማብቂያ ሩብ ዙር ሄደ፤ ከዚያ ግማሽ፤ ከዚያ ሙሉ። ማንም አልጨበጨበም፣ ግን ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር።

ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ነፋስ ነው። ይህ ለቆመች መኪና ትልቅ ዕድል ነው፤ የሚዝግ የውሃ መንገድ የለም። ይሁን እንጂ ነፋሱ የሚያልፍበት ቆርቆሮ ለአይጥ የተመቸ ቤት ነው። ስንከፍተው ጭድና የተቀዳደደ ወረቀት ሞልቶበታል፤ አንዳንዱ ቁራጭ ላይ የተማሪ ፈተና በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ይታያል። ያ ሳይጠረግ ሞተሩ ቢነሣ ኖሮ ብዙ ሳይሄድ በሙቀት ይነክስ ነበር። ቤንዚኑ ቤንዚን መሆኑን ትቶ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። ጋኑ ወርዶ ታጠበ፤ ካርቡራተሩ ተፈትቶ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ተነፉ። የነዳጅ ጎማ ቱቦዎቹ ሁሉ ተጣሉ፤ ቱቦ ሲሰነጠቅ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባልና፣ ቮልስ የምትቃጠለው በዚህ ነው። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ትይዛለች፤ የምታጣራው በወንፊት ብቻ ስለሆነ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ዝቃጭ አባባ በጣታቸው አሽተው እያዩ «የብረት ስባሪ የለም፣ ደኅና ናት» አሉ። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው የሚቀመጠው፤ አሲዱ ወለሉን በልቶት ስለነበር ላሜራ ሠሪ ተጠራ። ኤሌክትሪኳ 6 ቮልት ነው፤ 12 ቮልቱ የገባው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ፑንቲናው በአራት አሥረኛ ሚሊሜትር ተስተካከለ። የካንዴላውን ተራ አባባ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል፤ አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የተጠቀምኩባቸውን ቃላት ልብ ብላችኋል? ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፑንቲና፣ ዳዶ፣ ፑሌጃ፣ ፍሬቻ፣ ላሜራ። መኪናዋ የጀርመን ናት፣ የብዙዎቹ የአካሏ ክፍሎች ስም ግን በአማርኛ ውስጥ ጣሊያንኛ ነው። አባባ ጣሊያንኛ አያውቁም፤ ቃሎቹን የተማሩት ከአማርኛ ተናጋሪ መካኒክ ነው፣ እሱም ከሌላ መካኒክ። ጣሊያን በመሣሪያ መጥቶ በመሣሪያ ወጣ፤ ጋራዡ ውስጥ የቀረው ቋንቋው ነው። ያው ጣሊያን በዚያው ዘመን የቮልስን ፋብሪካ ጡብ ይደረድር ነበር። ይህንን ለአባባ ብነግራቸው «ታዲያ ካቻቢቴውን አቀብለኛ» አሉኝ።

የመኮራረፉ ምክንያት የሞተሩ ክዳን ነው። ሞተሩን ለማየት ክዳኑን ባነሣን ቁጥር ከውስጥ በኩል በነጭ ቀለም የተጻፈ ረዥም ዝርዝር ይታያል። ጋሼ ዘይት ባስቀየሩ ቁጥር ቀኑንና የተጓዘችውን ኪሎሜትር በቀጭን ብሩሽ ይጽፉ ነበር። ጽሕፈታቸው የአስተማሪ ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል በቦታው። መጀመሪያው መስመር 1966 ዓ.ም. ይላል፣ መጨረሻው 1994። እኔ እንደ ልማዴ ቁጥሮቹን መገልበጥ ጀመርሁ። በዓመት ሁለት ሦስት መስመር አለ። በጥር 1969 እና በግንቦት 1970 መካከል ግን ምንም የለም፤ ኪሎሜትሩ ደግሞ ሳይጻፍ ብዙ ሺህ ጨምሯል። እትዬን ጠየቅኋቸው። እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ጥቂት ዝም አሉና «ያን ጊዜ እሳቸውም አልነበሩ፣ መኪናዋም አልነበረች» አሉኝ። ማን ወሰዳቸው አላልኩም። መኪናዋን ማን ሲነዳት እንደነበረም አልጠየቅሁም። የቀይ ሽብርን ታሪክ ከመጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ግን እንዲህ ባለ ባዶ ቦታ ተጽፎ አይቼው አላውቅም።

ልጃቸው ክዳኑን መቀየር ይፈልጋል። ከታች በኩል ዝጓል፤ ሶማሌ ተራ ደኅናው ይገኛል። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ተገፍፋ በደማቅ ቀለም ትቀባና ለሰርግና ለፎቶ ትከራያለች። አባቱን ስላልወደደ አይደለም፤ እንዲያውም «አባዬ እንደዚህ አርጅታ ቢያያት ያፍር ነበር» ይላል። ገንዘቡም ቀልድ አይደለም። እትዬ የሚኖሩት በጡረታ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ የሚሄድ መኪና ሁሉ ዋጋ አለው። ሰነድ ነው እያልኩ ስከራከር ሰነዱ የሌላ ሰው እንጀራ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ የሌላን ሰው ንብረት ለታሪክ ማቆየት ለተማሪ ቀላል ነው፣ ኪሱ አይነካም።

ቢሆንም ክርክሬን አልተውኩም። ፍሬን ይቀየር፣ ቱቦ ይቀየር፣ ጎማ ይቀየር፤ ሰው የሚገድል ዕቃ ታሪክ ነው ተብሎ አይቀመጥም። ወለሉም ይበየድ። ከውጭ ቀለሟም ቢሆን፣ ከፈለጉ፣ ይቀባ፤ ጋሼም በዕድሜያቸው ሁለት ጊዜ ቀብተዋታል፣ በበሩ ጠርዝ ላይ የመጀመሪያው ውሃ ሰማያዊ ቀለም ይታያል። ክዳኑ ግን ሲሄድ የሚሄደው ዝገት ብቻ አይደለም። አዲስ ክዳን የገጠመች ቮልስ ከፋብሪካ ትናንት የወጣች ትመስላለች፤ ትናንት የወጣች መኪና ደግሞ 1969ን አታውቅም። ልጁ «ታዲያ ክዳኑን ግድግዳ ላይ እንስቀለው» አለ። እትዬ በዚህ ተቆጡ። «ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሞተ ነው» አሉ፤ ከዚያም ለሁለት ሳምንት ያህል እናትና ልጅ በደንብ አልተነጋገሩም።

ያስታረቃቸው አባባ ናቸው፣ ያውም ሳያስቡት። ዝገቱ ከጽሑፉ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነው። ላሜራ ሠሪውን ጠርተው የዛገውን ብቻ ቆርጦ እንዲለጥፍ፣ ውስጡም እንዳይቀባ አዘዙት። «ለኔም ይጠቅመኛል» አሉ፤ «መቼ ዘይት እንደተቀየረ ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ልሥራ?» ከታሪክ ተማሪ ይልቅ የመካኒክ ምክንያት ሰሚ አገኘ። እኔ ግድ የለኝም፣ ክዳኑ ተርፏል።

ሞተሩ የተነሣው በሦስተኛው ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ አስነጠሰ፤ ከዚያ ሰፈሩን በሰማያዊ ጭስ ሞላው፤ ከዚያ ያ የታወቀው የቮልስ ድምፅ መጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አባባ የካርቡራተሩን ብሎን ሩብ ዙር፣ ደግሞ ሩብ ዙር እያሉ ቤንዚኑን ቀነሱለት፣ ጭሱም ጠራ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሠርታ ተጠፋች፤ ዘይቱ ገና ትኩስ ሳለ ተቀየረ። እትዬ ትንሽ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም አስገዝተው ከ1994ቱ መስመር ሥር ቀኑን ራሳቸው ጻፉ። ኪሎሜትሩን አባባ አነበቡላቸው።

ፍሬኑ ገና ነው። ሦስቱ ፖምፔታዎች ተፈትተው ጎሚኒ ተቀይሮላቸዋል፤ የኋላ ቀኙ ግን በዝገት ነክሶ አልወጣም፣ ሶማሌ ተራም እስካሁን የሚሆነው አልተገኘም። ባለ 6 ቮልት ባትሪም በፍለጋ ላይ ነው። እነዚህ ሲሟሉ ለምርመራ ትቀርባለች፤ ካለፈች የዘንድሮውን ቦሎ ትለጥፋለች። የ1994ቱን ቦሎ ከመስተዋቱ ላይ እንላጠው አንላጠው በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም።